ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት መስኮት፦ የመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ሕክምና ሲገመገም

መንግሥት ሆስፒታል ታክሞ የተመለሰ ሰው «እንዴት ነበር?» ሲባል አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ሰልፉ ነው። ስለ ሐኪሙ ሲጠየቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ይፈታል፤ «ዶክተሩስ ጎበዝ ነው፣ በደንብ አየኝ» ይላል። የአዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታሎች ዛሬ ያሉበት ሁኔታ ከዚህ መልስ ይነበባል። ሕንፃው ተቀይሯል፣ መሣሪያው ተቀይሯል፣ ዕውቀቱም አድጓል። አቃቂ ቃሊቲ ላይ በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተገነባው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለከተማው ዳርቻ ነዋሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር፣ ባሕር ማዶ ካልሄዱ አይሆንም ይባል የነበረ ሕክምና አገር ቤት ገባ። ታካሚውን ዛሬም የሚያደክመው በአንዱ መስኮትና በሚቀጥለው መስኮት መካከል ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል።

መንገዱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ወደ አጠቃላይ ወይም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚገባው በሪፈር፣ ማለትም በመላኪያ ወረቀት ነው። በር ላይ ደርሰው ከሚመለሱት ብዙዎቹን የሚመልሳቸው የወረቀቱ ጉድለት ነው። ሪፈሩ ላይ የላኪው ሐኪም ስምና ፊርማ፣ ቀን፣ የተላኩበት ምክንያት፣ የሚላኩበት ክፍልና የጤና ጣቢያው ማህተም መኖር አለባቸው። በብዛት የሚረሳው ማህተሙ ነው፤ ሐኪሙ ጽፎ ይሰጣል፣ ታካሚው ማህተም ወደሚመታበት ክፍል ሳይሄድ ይወጣል፣ በማግስቱ ከሆስፒታሉ በር ይመለሳል። ከማህተሙ ባልተናነሰ የሚጎዳው ቀኑን አለማወቅ ነው። የስፔሻሊቲ ክፍሎች ሁሉ በየቀኑ ታካሚ አያዩም፤ የልብ ክሊኒክ አንድ ቀን፣ የነርቭ ሌላ ቀን፣ የታይሮይድ ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሪፈር የሚያስተባብሩት የሊያዞን ባለሙያዎች ወደ ሆስፒታሉ ደውለው ማጣራት ሥራቸው ስለሆነ «ክፍሉ የሚያየው በምን ቀን ነው? አገልግሎቱስ አሁን አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ሙሉ ቀንና የታክሲ ሒሳብ ያድናል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ሰው ደግሞ የታደሰ የአባልነት ደብተሩን ይዞ መሄድ አለበት። ሁለት ነገሮች ያሰናክላሉ። አንደኛው እድሳት ነው፤ የእድሳት ወቅቱ ካለፈ ደብተሩ ቢኖርም መስኮቱ ላይ አያገለግልም። ሁለተኛው የታካሚው ፎቶ ደብተሩ ላይ አለመኖሩ ነው፤ በተለይ አባወራው ሲመዘገብ ያልተካተቱ ልጆችና አረጋውያን ላይ ይደርሳል። የወሊድና የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና አባልም ላልሆነ ሰው በነፃ የሚሰጡ ናቸውና ለእነዚህ ደብተር አስፈላጊ አይደለም።

ካርድ ክፍል የጠቅላላው አገልግሎት አንገት ነው። ሥራው 2:30 ላይ ቢጀመርም ሰው ቁጥር ለመያዝ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይሰለፋል። ካርድ አዲስ ለሚያወጣ ሰው ማልዶ መምጣቱ ይጠቅማል። ካርድና ቀጠሮ ላለው ሰው ግን በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ውስጥ ያን ያህል አያራምደውም፤ ሐኪሞቹ ጠዋት ጠዋት «ሞርኒንግ ሴሽን» የሚሉት የጋራ ውይይት ስላላቸው ተመላላሽ ክፍሉ በሙሉ ጉልበቱ ሥራ የሚጀምረው ረፈድ ሲል ነው። የምሳ ሰዓትም መታወቅ አለበት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6:30 እስከ 7:30 ነው፤ ዓርብ ግን 5:30 ላይ ይወጣሉ፣ የሚመለሱት 7:30 ነው። ዓርብ 5 ሰዓት ላይ የላብራቶሪ ወረቀት የተቀበለ ሰው ውጤቱን ለሐኪም የሚያሳየው ከሰዓት በኋላ፣ ካልቀናውም ሰኞ ነው።

አሁን ብዙዎቹ ሆስፒታሎች የታካሚን መረጃ በኮምፒውተር ይይዛሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ካርድ ጠፋ ተብሎ ሁለት ሰዓት መደርደሪያ አይፈተሽም፣ የላብራቶሪ ውጤት በቀጥታ ሐኪሙ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ የሐኪም ጽሑፍ አይነበብም የሚባል ነገር ቀርቷል። ነገር ግን ሥርዓቱ አንድን ሰው የሚያውቀው በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በአያቱ ስም፣ በዕድሜውና በስልኩ ነው። አንዴ «ወልደማርያም» ሌላ ጊዜ «ወ/ማርያም» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሁለት ካርድ ይኖረዋል፤ ያኔ የአለርጂ ታሪኩ በአንዱ፣ የስኳር ክትትሉ በሌላው ይቀመጥና አሁን የሚያየው ሐኪም ግማሹን ብቻ ያውቃል። ስለዚህ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለ፣ ፋይዳ ካለ በፋይዳው ላይ እንደተጻፈ ማስመዝገብ፣ ስልክም የማይቀየር አንድ ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል። የካርድ ወረቀት ቢጠፋ አዲስ ማውጣት ስህተት ነው፤ በስምና በስልክ የድሮውን ቁጥር ማስፈለግ ይቻላል። የካርድ ቁጥሩን ስልክ ውስጥ ፎቶ አንስቶ መያዝ ሁሉንም ያቀላል።

«ሲስተም የለም» የሚለው መልስ የዘመናዊው ሆስፒታል ትልቁ ሕመም ነው። መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተሩ ቢነሳም ኔትወርኩን የሚያገናኙት ሳጥኖች የራሳቸው ባትሪ ከሌላቸው ይጠፋሉ፤ ጠፍተው እስኪመለሱ ካርድ ክፍሉ፣ ካሸሩና ፋርማሲው እኩል ይቆማሉ። በደንብ የሚተዳደር ሆስፒታል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰዓት የተዘጋጀ የወረቀት ቅጽ ያለውና ሠራተኞቹን ያሠለጠነ ሆስፒታል ሥራው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። በወረቀት የታከመ ሰው ሐኪሙ የጻፈውን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፤ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ሳይገለበጥ ሊቀር ይችላልና።

ክፍያ ለካርድ፣ ለላብራቶሪ፣ ለምስል፣ ለመድኃኒት ለየብቻ ስለሆነ ታካሚው በአንድ ቀን አራት ጊዜ ካሸር ፊት ሊቆም ይችላል። በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ሞባይል መክፈል መቻሉ ዝርዝር ብር ፍለጋን አስቀርቷል፤ ሰልፉን ግን አላስቀረም፣ ደረሰኙ አሁንም ከመስኮት ነውና። ካሸር በየፎቁ ያለበት ሆስፒታልና አንድ ካሸር ምድር ቤት ብቻ ያለበት ሆስፒታል ለታካሚ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ጉልበቱን የሚያመው አረጋዊ ሦስተኛ ፎቅ ታይቶ ምድር ቤት ከፍሎ ሁለተኛ ፎቅ ደም እንዲሰጥ ማድረግ፣ ያውም ሊፍቱ በተበላሸ ቀን፣ መታረም ያለበት ነገር ነው። መፍትሔው አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሠራተኛ ነው። ለጊዜው የሚረዳው አስታማሚ ይዞ መሄድ ነው፤ አንዱ ተራ ሲይዝ ሌላው ይከፍላል። መራመድ ለሚያቅተው ሰው በር ላይ ዊልቸር አለ፤ ብዙ ጊዜ መታወቂያ አስይዞ ነው የሚሰጠው።

ከሐኪም በፊት ልየታ አለ፤ ሠራተኞቹ ትሪያጅ ይሉታል። የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀትና የኦክስጅን መጠን ይለካል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ልየታው በቀለም ነው፦ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ በአራት ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ቀድሞ መጥቶ ከኋላው የመጣው ሲገባ ያየ ሰው የሚቆጣው ይህ ስላልተነገረው ነው። የቀለሞቹን ትርጉም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ድንገተኛ ክፍል ጭቅጭቁ ይቀንሳል። በድንገተኛ ሕክምና ደግሞ መጀመሪያ ሕይወት ማዳን፣ ከዚያ ክፍያ ነው፤ ሥርዓቱ የሚያዘው ይህንን ነው። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ናቸው።

በልየታ ላይ በብዛት የሚሳሳተው የደም ግፊት ልኬት ነው። ደረጃ ወጥቶ ወዲያው የተለካ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡና የጠጣ፣ ሽንቱን ይዞ የቆመ ሰው ግፊቱ ከትክክለኛው በላይ ይወጣል። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ መለካት ነው ደንቡ። ሲስተሯ በሥራ ብዛት ብትቸኩል «ትንሽ ልረፍና ለኪኝ» ማለት ነውር የለውም። ሌላው ጎጂ ልማድ የቀጠሮ ቀን ጠዋት የግፊት ክኒን አለመዋጥ ነው፤ «ሐኪሙ እውነተኛ ግፊቴን እንዲያየው» ተብሎ ይደረጋል። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነውና፣ ሳይውጡ የሄዱ ሰዎች መድኃኒት ይጨመርባቸዋል። በጾም የሚሰጥ ምርመራ ቢኖርም የግፊት ክኒን በውሃ ይዋጣል።

ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የሚያገኙት መጀመሪያ ኢንተርን (ትምህርቱን ሊጨርስ በተግባር ላይ ያለ) ወይም ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ሊሆን ይችላል። ሰዎች ይህን እንደ ማነስ ያዩታል። እንደ እኛ ግን ከማስተማሪያ ሆስፒታል ጥንካሬዎች አንዱ ነው፤ ወጣቱ ሐኪም ታሪክ የሚጠይቀው ከጥግ እስከ ጥግ ነው፣ ያገኘውንም ለሲኒየሩ ያቀርባል፤ ያ ማለት አንድ ታካሚ በሁለትና በሦስት ዓይን ይታያል። የሚጎድለው ማስረዳት ነው። በቀን ብዙ ሰው የሚያይ ሐኪም መርምሮ፣ ጽፎ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ታካሚም በአክብሮት ዝም ይላል። ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ መውጣት የለበትም፦ ሕመሜ ምን ይባላል? መድኃኒቱ ለምን ያህል ጊዜ ነው? ምን ዓይነት ምልክት ካየሁ ከቀጠሮዬ በፊት ልምጣ? የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በላስቲክ አድርጎ ይዞ መሄድ ከየትኛውም ገለጻ ይበልጣል። «ነጯ ክኒን» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

ላብራቶሪ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ በከንቱ የሚደገም ሥራ የበዛው እዚህ ነው። የጾም ስኳር ለመለካት ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ምንም ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል፤ ውሃ ይፈቀዳል፣ ሻይና ቡና አይፈቀድም። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ግን ጾም አይፈልግም፤ ሁለቱን አምታቶ በባዶ ሆድ የሚሰለፍ ሰው ብዙ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ታካሚ ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ አለበት። ጠዋት ተወግቶ ሳይበላ ደም እስኪሰጥ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከመጣ ስኳር ያለበት ነገር ወዲያው መውሰድ ነው። ትክክለኛው መንገድ ኢንሱሊኑንና ቁርሱን ይዞ መሄድ፣ ደም ሰጥቶ ከዚያ መውጋትና መብላት ነው።

ደም ከተሰጠ በኋላ «ቆይቼ ምን አገኛለሁ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ለደም ሕዋስ ቆጠራ ነው፤ ማሽኑ ቁጥሩን የሚያወጣው በደቂቃ ነው። ባለሙያው ብልቃጡን በቀስታ ደጋግሞ ካልገለባበጠው ግን ደሙ ይረጋና እንደገና ይቀዳል። ለኩላሊት፣ ለጉበትና ለስብ የሚቀዳው ደም ደግሞ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲረጋ ይደረጋል፣ ከዚያ በሚሽከረከር ማሽን ይጣራል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ቢሮጥም ከዚያ በፊት ውጤት የለም። ደሙ ሲቀዳ ከተጎዳና ቀይ ሕዋሱ ከፈረሰ የፖታሲየም መጠን በሐሰት ከፍ ይላል፤ «ድገም» የሚባለው ታካሚን ለማንገላታት አይደለም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ የአክታ ምርመራ ማሽኑ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የባክቴሪያ ካልቸር፣ ማለትም ተህዋሱን አሳድጎ መለየት፣ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቀን ይጠይቃል፤ ማንም ሊያፈጥነው አይችልም።

ሰገራ ትኩስ መሆን አለበት። ሕያው አሜባ ሲንቀሳቀስ የሚታየው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ነው፤ ከቤት በጠዋት ተይዞ ሦስት ሰዓት የቆየ ናሙና «ምንም የለም» ይባልና ሕመሙ ይቀጥላል። የባቄላ ፍሬ የምታህል ይበቃል፣ ሽንት እንዳይነካው። የሽንት ናሙና የመጀመሪያውን አፍስሶ ከመካከል የሚቀዳ ነው። አክታ ከደረት የወጣ እንጂ ምራቅ አይሆንም።

«ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል፣ ከውጭ አሠሩ» የሚለው ቃል ከየትም በላይ ያሳዝናል፤ ማሽኑ ቆሞ እየታየ ነው የሚባለው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች የሚቀበሉት የራሳቸውን አምራች ሪኤጀንት ብቻ ነው። የግዢው ሂደት ወይም የውጭ ምንዛሪው ሲዘገይ ሌላ ሪኤጀንት ተተክቶ ሊሠራ አይችልም። ከውጭ ያሠራ ሰው ውጤቱን ማህተም ያለበት አድርጎ ይያዝ፤ ክትትል ላይ ያለ ሰው ደግሞ በተቻለ መጠን አንድ ላብራቶሪ ብቻ ይጠቀም፣ የተለያዩ ማሽኖች ቁጥር እርስ በርስ ሲወዳደር ያሳስታል።

ምስል ላይ ያለው ዝግጅት አጭር ነው። የማሕፀን ወይም የፊኛ አልትራሳውንድ ከሆነ ፊኛ መሙላት አለበት፤ ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣል። የሐሞት ከረጢትና የጉበት ከሆነ በተቃራኒው ስድስት ሰዓት ያህል ጾም ነው። በመድኃኒት የሚነሳ ሲቲ ስካን ከመደረጉ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይፈለጋል፤ ውጤቱን ሳይዝ የሄደ ቀጠሮው ያልፈዋል። ኤምአርአይ ከመግባት በፊት በሰውነት ውስጥ ያለ ብረት፣ የልብ ምት ማስተካከያም ሆነ የቀዶ ሕክምና ብሎን፣ መነገር አለበት። ፎቶው አሁን በስክሪን ስለሚታይ ፊልም ላይሰጥ ይችላል፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚላክ ሰው ኮፒውን በሲዲ ይጠይቅ።

መድኃኒት ቤቱ በእኛ አስተያየት የተሻሻለው ክፍል ነው። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው ኤፒቲኤስ የሚባለው አሠራር ሥራውን በሦስት መስኮት ከፍሎታል፦ አንዱ ማዘዣውን መርምሮ ዋጋ ያወጣል፣ ሁለተኛው ገንዘብ ይቀበላል፣ ሦስተኛው አስረድቶ ያስረክባል። ሦስት ሰልፍ ይመስላል፤ ነገር ግን መድኃኒት የሌለው መሆኑ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይታወቃል፣ ክምችቱም በትክክል ስለሚቆጠር ብክነትና ስርቆት ይቀንሳል። ዋጋውም ከግል መድኃኒት ቤት ይረክሳል። ከሌለ ከከነማና ከቀይ መስቀል ፋርማሲዎች መጀመር ይሻላል። የመድህን አባል «የለም» የሚል ማህተም ማዘዣው ላይ ሳያስመታና የገዛበትን ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይዝ ገንዘቡን ለማስመለስ ወረዳ ቢሄድ ድካም ብቻ ነው የሚያተርፈው። ሐኪሙ ሲጽፍ «ይሄ እዚህ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ ሁለት እኩል የሚሠሩ መድኃኒቶች ካሉ ያለውን ይጽፋል።

ሦስተኛው መስኮት ላይ መቸኮል አይገባም። «በቀን ሦስት ጊዜ» ማለት ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አንቲባዮቲክ ከሆነ ሕመሙ ቢተውም መጨረስ አለበት ወይ? ኢንሱሊን ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ ከገባ ግን ይበላሻል፤ የተከፈተ ብልቃጥ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እስከ 28 ቀን ያገለግላል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት በውሃ በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይሠራል። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከመደበኛው ሰዓት ውጭና ቅዳሜ የሚሠራው የግል ክንፍ በብዙ ሆስፒታሎች አለ። ሐኪሞቹ እነዚያው ናቸው፣ ክፍያው ከመደበኛው ይበልጣል፣ ከግል ሆስፒታል ግን ያንሳል። ሲኒየር ሐኪሞችን በመንግሥት ሆስፒታል ማቆየቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ቀን የመጣ ታካሚ ግን «ማታ ብትመጣ ይሻላል» መባል የለበትም፤ ከተባለ ይህ ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ የሚቀርብ ጉዳይ ነው። ለጤና ሚኒስቴርም በ952 በነፃ መደወል ይቻላል። ቅሬታ ሲቀርብ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ስምና የካርድ ቁጥሩን መያዝ ነው፤ «ያንገላቱኛል» ብቻ ቢባል የሚያጣራው ሰው መነሻ የለውም።

ከግቢው ከመውጣት በፊት የቀጠሮ ወረቀቱን ቆም ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የሚያትመው ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ በእጅ የሚጻፈው በእኛ ነው። «10/3» የሚል ወረቀት ለአንዱ ህዳር 10 ነው፣ ለሌላው ማርች 10፣ ማለትም መጋቢት 1 ነው፤ በመካከሉ ሦስት ወር ከምናምን አለ፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ «8:30» በኮምፒውተሩ ጠዋት 2:30 ነው፣ ታካሚው ግን ከምሳ በኋላ 8:30 ላይ ይመጣና ተራው አልፎ ያገኘዋል። «እባክሽ ሲስተር፣ ወሩን በስሙ ጻፊልኝ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚለውንም ጨምሪበት» ማለት ይበቃል።